የአንጀት ገበር

አዲስ አበባ፣ ፒያሳ
ታኅሣሥ ፳ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርሻ፤

እንደ ወጉ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ እንዳልጀምር አብዱልሃሚድ ቀድሞኛል። ፖስታ ሣጥኑ የእሱ፣ ቴምብሩ የእሱ፣ ምላሱ ደግሞ ጠባቂ የለው፤ እኔ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ከጨርቅ ሱቁ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ሁሉንም ዘርዝሮ ጻፈልህ። ያንተ መልስ ትናንት ደረሰኝ። ገና ፖስታውን ሳልቀድ መናደድህን አወቅሁ፤ ስትናደድ ፊደሎችህ ወደ ቀኝ ይጋደማሉ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሁ ነህ።

ይቅርታ አድርግልኝ። መጀመሪያ እሱን ልበል። ሰው አገር ላለ ሰው ክፉ አይጻፍም ተብለን ነው ያደግነው። አባታችን የሞተ ጊዜ እማማ አሥመራ ለነበረው ወንድሟ ሁለት ዓመት ሙሉ «ባለቤቴም ሰላም ይልሃል» እያለች ታስጽፍ ነበር። አንተ ያኔ ጡት አልጣልክም፤ እኔ ነበርኩ ጸሐፊዋ። እንግዲህ ከዚያ ቤት የወጣሁ ሴት ቤይሩት ድረስ «ታምሜያለሁ» ብዬ እንዴት ልጻፍልህ? ያውም ለፈተና በተቀመጥክበት ወር!

ይኸውልህ እውነቱ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ሱቄን ልከፍት ስል ዓይኔ ጨለመብኝ። ለካ ሳምንት ያህል ደም ከውስጤ ሲፈስ ኖሯል፤ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ሲወርድ እያየሁ ዝም ብያለሁ። ይሄን ለወንድም መጻፍ ያሳፍራል፣ ግን አንተ የመድኃኒት ተማሪ ነህና ቻለው። አብዱልሃሚድና ሚስቱ ሸፊቃ በታክሲ ወሰዱኝ። ኖራ የመሰለ ነገር አጠጥተው ራጅ አነሱኝና ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው ቀጭኑ አንጀቴ ላይ ቁስል አገኙ። የሸሚዝ ቁልፍ ታህላለች አለኝ ሐኪሙ። ደም ጎደላት ሲባል አብዱልሃሚድ እጅጌውን ጠቅልሎ ደሙን ሰጠኝ። ከእንግዲህ ጨርቅ ሲሸጥልኝ በገዛ ደሙ ላይ ያተርፋል ማለት ነው፤ እንዲያፍር ነግሬዋለሁ።

ሐኪሙ ወተትና አንድ ነጭ ፈሳሽ አዞልኛል። እስከ ፋሲካ ከዘጋች ዘጋች፣ ካልዘጋች በቢላዋ ነው ብሎኛል። መርሻዬ፣ ላንተ ምን እደብቃለሁ አሁን፤ ቢላዋ እፈራለሁ። እማማ ከቢላዋ አልተመለሰችም።

የጠየቅከኝን በተራ ልመልስ። ኮሶ አልጠጣሁም። ሐኪሙም እንዳንተው ተቆጥቶ «የሐበሻ መድኃኒት ምን ምን ጠጥተሻል?» ሲለኝ፣ «እኔ ወንድሜ ቤይሩት የመድኃኒት ተማሪ ነው፣ ቅጠል አልቀጥፍም!» ብዬ አንገቴን ቀና አድርጌ መለስኩለት። ሌላስ መድኃኒት? ሲለኝ፣ ምንም አልኩት፤ ማርያምን ምንም። ጠላ ለበዓል አንድ ብርጭቆ። በርበሬውን ቀንሻለሁ።

ደግሞ ያንተ ቢጫ እንክብሎች እንዳይቋረጡብኝ ብለህ አትስጋ። ሆስፒታል ስገባ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያቸው ነበር፤ አንድም ቀን አልዘለልኩም። እነሱን ከላክልኝ ወዲህ የቁርጥማቱ እብጠት ከጣቶቼ ወርዷል፤ መርፌ ስይዝ እንደ ድሮው ነኝ። ለገና የታዘዘውን የካባ ጥልፍ ሦስቱንም ጨርሻለሁ። ተባረክ።

የእኔን ተወውና፣ በላክልኝ ፎቶግራፍ ላይ አጠገብህ የቆመችው ልጅ የማን ናት?

እህትህ ሰርክአዲስ


ቤይሩት
ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለእናቴም ለእህቴም፣ ለእትዬ ሰርክአዲስ፤

ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ ግን በአንድ ውል። ከእንግዲህ ያመመዎትን ሁሉ ይነግሩኛል። ይማሉልኝ። በአብዱልሃሚድ ደም ይማሉ፣ እሱ አሁን የእርስዎም ነው።

በእማማ ሞት ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቀብር መልስ እጄን ይዘው ከሥላሴ እስከ ቤታችን በእግር እንዳመጡኝ አስታውሳለሁ፤ እጄን እንዳይለቁት ፈርቼ ነበር። አሁንም እንደዚያው ፈራሁ። በዕድሜዬ ሃያ አራት ሞልቶኛል፣ ጢሜን እላጫለሁ፣ ፍርሃቱ ግን ያው የልጅነቱ ነው።

ሰሞኑን ከአይጥ ጋር ነው የምውለው፤ «ምን አጥተህ ነው?» ቢሉኝ መልሱ እንዲህ ነው። አንድ አስተማሪዬ የአንጀት ቁስል እንዴት እንደሚድን ያጠናሉ። በአርባ አይጦች አንጀት ላይ እኩል እኩል ቁስል አበጅተው በስንት ቀን እንደሚዘጋ ይቆጥራሉ። የሚመግብና የሚመዝን ተማሪ ሲፈልጉ፣ ሌላው ሁሉ አፍንጫውን ሲይዝ እኔ እጄን አወጣሁ። የእርስዎ ደዌ አይደል? ቁስል እንዴት እንደሚዘጋ አይቼ እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነው። እውነቴን ነው እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው የገባሁበት።

እንክብሎቹ በመስማማታቸው ደስታዬ ልክ የለውም። ቢያንስ ጣቶችዎ ይረፉ። አየር መንገድ የሚሠራው ፍቅሬ ሲመላለስ ሦስት ጠርሙስ ልኬበታለሁ፤ ለአራት ወር ይበቃል።

በፎቶግራፉ ላይ ያለችው ልጅ የአንድ ጓደኛዬ እጮኛ ናት። ደግሜ ልበለው፣ የጓደኛዬ።

ታናሽዎ መርሻ


አዲስ አበባ
የካቲት ፳ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርሻ፤

ሁዳዴ ከገባ ዐሥር ቀናችን። እኔ ግን የመድኃኔ ዓለም ጠላት ሆኜ ወተት እጠጣለሁ! የንስሐ አባቴ አባ ገብረአምላክ ሱቅ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ሐኪም ካዘዘ መድኃኒት ነው፣ ጠጪ» ብለው ፈቱኝ። ፈቱኝ እንጂ አሁንም ስጠጣ በሩን እዘጋለሁ። አንድ ቀን ለተኪዳን፣ የማኅበር እኅቴ፣ ሳታንኳኳ ገባችና ከንፈሬ ላይ ነጩን አየችው። «ሰርኬ፣ በሁዳዴ!» ብላ አማተበች። እኔም «የጥርስ ሳሙና ነው» አልኳት። ለወተቱ ተፈትቼ በውሸቱ ንስሐ ገባሁ፤ ከዚህ የባሰ ኪሳራ አለ?

የማልኩልህን ልፈጽም። ሁለተኛውን ራጅ ባለፈው ረቡዕ አነሱኝ። አልዘጋችም። እንዲያውም ሰፋ ያለች ትመስላለች ብሎ ሐኪሙ ፊቱን አጨፈገገ። ባለፈው ሳምንትም ጥቁሩ ነገር ሁለት ቀን ታየኝ። ቤት ውስጥ የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ፤ በርበሬ ከቀመስኩ ሁለት ወሬ ነው፣ ቡና እንኳ ተውኩ። ሐኪሙ «በድብቅ የምትበይው ነገር አለ» እያለ ይጠረጥረኛል። እንደ ሌባ ነው የሚያየኝ። ወጥቼ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ምን አጠፋሁ እላለሁ፣ ያዘዙኝን ሁሉ አድርጌ!

ባለፈው አጭር ደብዳቤህ ስንት እንክብል እንደምወስድ ለምን አጥብቀህ ጠየቅከኝ? ጠዋት አንድ፣ ራት ላይ አንድ፣ ብርድ ሲሆን ቀን አንድ እጨምራለሁ። በጾሙ ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው የምወስደው፤ ወተቱ ቢፈቀድልኝም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም፣ ያንን እንኳ ለእግዚአብሔር ልተውለት ብዬ። ከመቼ ጀምሮ? ካለፈው ሐምሌ ጀምሮ ነዋ፤ አንተው ነህ የላክልኝ፣ ረሳኸው?

ሦስቱ ጠርሙስ ደርሶኛል። አንዱን ለማኅበር እኅቶቼ አካፈልኩ። የሰው አገር በረከት ብቻን አይበላም። ለተኪዳን ጉልበቷ ተፈታ፤ ስግደቱን ሁሉ እንደ ልጃገረድ ትሰግደዋለች። አንተንም ስታመሰግን ውላ ታድራለች።

እህትህ ሰርክአዲስ


ቤይሩት
መጋቢት ፩ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለእትዬ ሰርክአዲስ፤

ለፖስታው እንድደርስ አሳጥሬ እጽፋለሁ። ቢጫዎቹን እንክብሎች ዛሬውኑ ያቁሙ። የላክሁልዎት ጠርሙሶች ጊዜ ያለፈባቸው፣ የተበላሹ መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ለማኅበር እኅቶችዎ የሰጡትንም መልሰው ይሰብስቡና ይጣሉ። ሌላ የተሻለ ነገር እስካገኝ እጅዎን በሞቀ ውሃ ይዘፍዝፉ።

ሌላው ሁሉ ደህና ነው። ትምህርቴም ደህና ነው። አደራ።

መርሻ


አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፯ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመርሻ፤

ልጅ ሆነህም ውሸት አያምርብህም ነበር። ከአትክልት ተራ ብርቱካን ሰርቀህ መጥተህ «ሰውየው ሰጠኝ» ያልከኝን ታስታውሳለህ? ያኔም እንደዚህ ባጭሩ ነበር የተናገርከው።

ጠርሙሱን ለአብዱልሃሚድ አሳየሁት። የፈረንጁን ቁጥር አንብቦ «ይሄ ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል፣ እንደ አዲስ ነው» አለኝ። ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው? ቁጭ ብዬ አሰብኩና ገባኝ። መግዣው አቅቶሃል። ተማሪ ነህ፣ የምትበላውን ቀንሰህ ነው የምትልክልኝ፣ አሁን ከየትም አልመጣ ብሎህ አፈርክ። አንተ ቂል! ይሄን ለእኔ መናገር ያቅትሃል? ከእንግዲህ አትላክ፣ ያለኝን ቆጥቤ እወስዳለሁ። የለተኪዳንን ግን አልነጥቃትም፤ የሰጡትን መንጠቅ ነውር ነው።

ለማቆም ደግሞ ሞክሬ ነበር፣ ለቃልህ ብዬ። ሦስት ቀን። በሦስተኛው ቀን መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ለፋሲካ የታዘዘብኝ የስድስት ቀሚስ ጥልፍ አለ፤ ሳልጨርስ ሐኪም ቤት ብገባ ሴቶቹ በዓሉን ምን ለብሰው ይውላሉ? በአራተኛው ቀን መልሼ ጀመርኩ።

አዎ፣ ሐኪም ቤት ልገባ ነው። ይሄን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ጉልበት እስካገኝ ነው። ቁስሏ እምቢ ብላለች። ቀኑ ተቆርጧል፣ ማክሰኞ ሚያዝያ ፲፬። አንጀቴን ከፍተው የቆሰለውን ቆርጠው ሊያወጡ ነው። ለአባ ገብረአምላክ ነግሬያለሁ፣ ሊያቆርቡኝ ነው። የስፌት መኪናዬን ለማን እንደምተው ለሸፊቃ ነግሬያታለሁ፤ እሷ ተቆጥታ ከሱቄ ወጣች፣ ኋላ ግን ተመልሳ አቀፈችኝ።

ምናልባት ብቀር፣ አንተን ማሳደግ ካገኘሁት ሁሉ የጣፈጠኝ ሥራ ነው። ይሄን ሳልነግርህ እንዳልሄድ ብዬ ነው።

እህትህ ሰርክአዲስ


ቤይሩት
መጋቢት ፳፰ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

እትዬ፤

ይሄን ደብዳቤ ፍቅሬ በእጁ ያደርስልዎታል። ቆመው አያንብቡት፤ ይቀመጡ። አንብበው እንደጨረሱ ሥራ ላይ ቢሆኑ እንኳ ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪሙ ይሂዱ።

ዋሽቼዎታለሁ። መድኃኒቱ አልተበላሸም። ገንዘብም አላጣሁም። ያቆሰልኩዎት እኔ ነኝ።

አርባዎቹ አይጦች ለሁለት ተከፍለው ነበር። ሃያው ተራ ምግብ ይበላሉ፤ ሃያው ምግባቸው ውስጥ እንክብል ተፈጭቶ ይገባላቸዋል። ቢጫው እንክብል፣ እትዬ። ያው የእርስዎ። ራሴ ነኝ በሙቀጫ የምፈጨው። ቁስሉ ለሁሉም እኩል ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተራ ምግብ የሚበሉት ቁስላቸው ዘጋ። እንክብሉን የሚበሉት ግን ቁስላቸው ክፍት ነው፣ ከሃያው ስድስቱ ደምተው ሞቱ። ከቁስሉ ርቆ ደህና በነበረው አንጀት ላይ እንኳ አዳዲስ ቁስል አገኘን።

ነገሩን እንዲህ ይዩት። እርስዎ የሚሰፉት ካባ ከውስጥ ገበር አለው። አንጀትም እንዲሁ ከውስጥ ስስ ገበር አለው። የካባ ገበር እስኪያልቅ ያው አንዱ ነው፤ የአንጀት ገበር ግን በየአራት በየአምስት ቀኑ ይታደሳል። ሲቆስል ከዳር ከዳር ያለው እየተሳበ መጥቶ ቀዳዳውን ይከድነዋል። ያ ሥራ ሲሠራ ቦታው ይሞቃል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። እንክብሉ ደግሞ እብጠት አጥፊ ነው። የጣትዎን እብጠት ሲያበርድ አንጀትዎ ላይ ያለውንም ጠጋኝ ሥራ ያስፈታዋል። ለምን እንደሆነ አስተማሪዬም ገና አያውቁትም። ወተቱም ነጩ ፈሳሽም በቀን የሚሠሩትን እንክብሉ መልሶ ያፈርሰው ነበር። ሐኪሙ በከንቱ ጠርጥሮዎታል። እርስዎ ምንም አላጠፉም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ይሄን ያየሁት በየካቲት ነው። ስንት እንደሚወስዱ የጠየቅሁዎት ለዚህ ነበር። መልስዎ ሲደርሰኝ ሁሉም ገባኝ። ያኔውኑ እውነቱን ጽፌ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ነገር ግን «አይጥ ሰው አይደለም» ብዬ ራሴን አባበልኩ። ከዚያም የተበላሸ ነው የሚል ውሸት ፈጠርኩ፤ ያቆማሉ፣ ይድናሉ፣ እኔም ሳልታወቅ እቀራለሁ ብዬ። እናቴ የሆኑልኝን ሰው በገዛ እጄ እየመረዝኩ መሆኔን እንዲያውቁ አልፈለግሁም። እንዳይጠሉኝ ፈራሁ። እውነቱ ይሄው ነው።

ቢላዋ ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩት። አስተማሪዬም ለእሱ የጻፉትን አብሬ አድርጌያለሁ። እንክብሉ ከቆመ ቁስሉ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፣ ጊዜ ይስጡት ይላሉ። ጣቶችዎ ግን እንደሚመለስባቸው አውቃለሁ። ከአንጀትዎና ከእጅዎ አንዱን ይምረጡ እያልኩዎት ነው፣ እኔ የመድኃኒት ተማሪው። ሌላ ነገር ባገኝልዎት እንዴት ደስ ባለኝ።

ና ካሉኝ ትምህርቱን ጥዬ እመጣለሁ። ዝም አይበሉኝ ብቻ። ይስደቡኝ።

መርሻ


አዲስ አበባ
ሰኔ ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.

መርሻ፤

የእጅ ጽሑፉን አይተህ እንዳትደነግጥ። እኔ አብዱልሃሚድ ነኝ። እሷ አጠገቤ ተቀምጣ «ምን ትዘበዝባለህ፣ ጻፍ!» እያለችኝ ነው፤ በሕይወት መኖሯን በዚህ እወቅ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው። የራሴን ስጨምር በቅንፍ አደርገዋለሁ።

ለወንድሜ ለመርሻ፤

በሚያዝያ «ቢላዋው ቀረ፣ ዝርዝሩን ራሴ እጽፍልሃለሁ» የሚል ቴሌግራም ልኬልህ እስከ ዛሬ ዝም በማለቴ ይቅርታ። ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ነበር የዘገየሁት፤ እጄ እምቢ አለኝ። ተቆጥታ ዘጋችኝ ብለህ እንደሆነ አይደለም። ተቆጥቼ እንደሆነስ? ተቆጥቻለሁ። ስላቆሰልከኝ አይደለም፣ ያንን አንተም አላወቅህ፣ እኔም አላወቅሁ። ስለዋሸኸኝ ነው። አንድ ወር ከምናምን! ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ፍቅሬ ፊት አለቀስኩ፤ ልጁ የሞት መርዶ ያመጣ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

ከዚያ ግን ራሴን ጠየቅሁ። አንተ እንዳልጠላህ ደበቅህ። እኔ እንዳትሰጋ ደበቅሁ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝም «ምንም አልወስድም» አልኩት። ሁለታችንም ያቺ ባሏን ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሰላምታ ያስላከች ሴት ልጆች ነን፤ ማን በማን ይፈርዳል?

በማግስቱ ጠርሙሱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ገባሁ። አንብቦ «ይሄን ስትወስጂ ነው እንዴ መድኃኒት አልወስድም ያልሽኝ?» አለኝ። «መድኃኒት ማለት አንተ የምትሰጠኝ አይደለም? ይሄ ወንድሜ የላከልኝ ነው» አልኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ስለጠረጠረኝ ይቅርታ ጠየቀኝ። የቢላዋውን ቀን ሰረዘው። ሁለት ወር እንጠብቅ አለ።

ሁለቱ ወር እንዴት አለፈ አትበለኝ። መጀመሪያ የሰጠሁትን ለመሰብሰብ ዘጠኝ ቤት ዞርኩ። ስምንቱ እያጉረመረሙ መለሱ። ለተኪዳን ግን ሙዳይዋን አቅፋ «ጉልበቴን ልትወስጂ መጣሽ?» አለችኝ። ልፈርድባት አልቻልኩም። የአይጦቹን ነገር ነገርኳት፤ «እኔ አይጥ ነኝ?» ብላ ጮኸች። በመጨረሻ እኔ ራሴ የቀሩኝን በሸፊቃ ፊት ሽንት ቤት ስጥል አይታ የእሷንም አመጣች። ሁለታችንም ዓይናችን እያየ ጣልናቸው።

(አንድ እንክብል በመርፌ ቆርቆሮዋ ውስጥ ደብቃ ነበር። ሸፊቃ ናት ያገኘቻት። አብዱልሃሚድ)

እሱን አትጻፍ ብዬዋለሁ፣ ጽፎታል። ይሁን፣ እውነት ነው።

ትናንት ሦስተኛውን ራጅ አነሱኝ። ኖራቸውን ጠጥቼ ቆምኩ። ሐኪሙ ሥዕሉን መስኮት ላይ ይዞ ብዙ አየው። «የት ነበረች?» አለኝ። ዘግታለች መርሻ። ጠባሳ ብቻ ናት። ቢላዋው ቀርቷል። ደሜም ሞልቷል፣ ከጥቁሩ ነገር ከተገላገልኩ ወር አልፎኛል። ከሐኪም ቤት ወጥቼ እስከ አምስት ኪሎ በእግሬ ሄድኩ፣ ብቻዬን እየሳቅሁ፤ ሰው እብድ ናት ብሎ አሳለፈኝ።

ትምህርቴን ትቼ ልምጣ ያልከውን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው። ጨርስ። ከሃያዎቹ የተረፉትን አይጦች ሳምልኝ፤ የእኔን ሕይወት የገዙት እነሱ ናቸው። እኔ አንተን ልጠላህ? የት አግኝቼ! ከአሥር ልጅ አንድ አንተ ትሻለኛለህ ስል የኖርኩ ሴት ነኝ።

ሱቁ አልተዘጋም። ሁለት ጠላፊዎች ቀጥሬያለሁ፤ እኔ እቆርጣለሁ፣ አለካለሁ፣ እቆጣለሁ። ለመቆጣት ጣት አያስፈልግም። ሸፊቃ ጠዋት ጠዋት ሞቅ ያለ ውሃ ይዛልኝ ትመጣለች። ክረምቱ ግን ገብቷል፣ ብርዱም አለ።

(እዚህ ላይ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። «ሌላስ?» አልኳት። «እጄስ እንዴት ነው ብሎ ይጠይቃል» አለች። «ደህና ነው ብለህ ጻፍ» አለችኝ። ልጽፍ ስል ብዕሩን ከእጄ ወሰደችው። ከዚህ በታች ያለው የራሷ ጽሑፍ ነው። አብዱልሃሚድ)

መርሻዬ ይሄ እኔ ነኝ። እጄን ያመኛል። በጣም ያመኛል። ትናንት አስለቅሶኛል። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም።